ማሞቂያ ከመግዛታችሁ በፊት

ውድ ደንበኞቻችን፣

ጥቅምት ሲገባ ስልካችን ዕረፍት የለውም። ሁሉም የሚጠይቀን አንድ ነገር ነው፦ "ለአትክልቱ ላስቲክ ቤት የሚሆን ማሞቂያ አላችሁ ወይ?" አለን። ግን ዘንድሮ ዝም ብለን ልንሸጥላችሁ አልፈለግንም።

ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ኅዳርና ታኅሣሥ ቀኑ ጠራራ ነው፣ ሌሊቱ ውርጭ። ደመና ስለሌለ መሬቱ ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊት ወደ ሰማይ ይለቀዋል፤ ተራው ላስቲክ ደግሞ ነፋሱን ይከልክል እንጂ ይህን ሙቀት ብዙም ስለማይይዝ፣ ጸጥ ባለ ሌሊት የቤቱ ውስጥ ከውጭው እኩል ሊቀዘቅዝ ይችላል። ቀን ያስጨነቀንን ሙቀት ለሌሊት ማሳደር ነው ያቃተን።

እዚህ ላይ ውሃ ባለውለታችን ነው። ቢጫ ጀሪካኖቻችሁን ጥቁር ቀለም ቀቡና ውሃ ሞልታችሁ በሰሜኑ ግድግዳ ሥር ደርድሯቸው። በእነዚህ ወራት ፀሐይዋ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል ፊት ለፊት ታገኛቸዋለች፣ ተክሉንም አይጋርዱትም። 200 ሊትር ውሃ፣ ማለትም አንድ በርሜል ወይም ባለ 20 ሊትር 10 ጀሪካን፣ በ10 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ 2.3 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ሙቀት ይሰጣል። ባለ 1,000 ዋት ማሞቂያ ይህን ለመስጠት ከሁለት ሰዓት በላይ መሥራት አለበት፤ ያውም መብራት ካልጠፋ!

ሌላው የላስቲክ ቤቱን በርና መስኮት የመዝጊያ ሰዓት ነው። ብዙዎቻችሁ ማታ 12 ሰዓት ላይ ትዘጋላችሁ፤ ያኔ ሙቀቱ ወጥቶ አልቋል። 10 ሰዓት ላይ ዝጉ። ውሃም ጠዋት አጠጡ፣ እርጥብ አፈር ከደረቁ የተሻለ ሙቀት ያሳድራል። አቅም ካላችሁ ከውስጥ ሁለተኛ ላስቲክ ወጥሩ፤ በመካከላቸው ጥቂት ጣት የሚያህል ክፍተት ይኑር።

የዓሣ ገንዳ ያላችሁ፣ ቆሮሶ (ቲላፒያ) ውሃው ከ20 ዲግሪ ሲወርድ መብላት ይቀንሳል፣ 16 ገደማ ሲደርስ ጭራሽ ይተዋል። ያልተበላ መኖ ደግሞ ውሃውን ያበላሻል፤ ስለዚህ "ይራበዋል" ብላችሁ አትጨምሩ። ገንዳው ብዙ ሙቀት የሚያጣው በትነት ስለሆነ ማታ ላስቲክ አልብሱት። ገንዳውን ላስቲክ ቤቱ ውስጥ የቆፈረ ሰው ግን ብልህ ነው፤ አንድ ሜትር ኩብ ውሃ አምስት በርሜል ማለት ነው።

ከሰል በፍጹም! አምና እኛው ራሳችን ችግኝ ቤት ውስጥ ማንደጃ አስገብተን፣ ጠዋት የገባው ልጅ ራሱን አዙሮት እየተንገዳገደ ወጣ። እግዜር ነው ያተረፈው። ከከሰሉ የሚወጣው ጋዝ ሽታ የለውም፣ ማታ ተዘግቶ ያደረ ቤት ውስጥ ሰው ይገድላል።

ሙዝ ልንተክል ነው ያላችሁን ደግሞ አትቀየሙን፣ ለአርባ ምንጭ ተዉላት። ቲማቲምና ቃሪያ ላይ ብትበረቱ ይሻላል። እነሱም ቢሆኑ ከጣርማ በር ወዲያ ከሸዋ ሮቢት ቆላ ከሚመጣው ጋር ዋጋ ላይ እንደሚፎካከሩ አትርሱ፤ ለማሞቂያ የምታወጡት ብር ትርፋችሁን ቢበላው ማንም አያዝንላችሁም።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁም ውስጡ ከ10 ዲግሪ በታች ከወረደ ያኔ ደውሉልን፣ ትንሹ ማሞቂያ ይበቃችሁ ይሆናል። ለነባር ደንበኞች ቴርሞሜትር በውሰት እንሰጣለን። ብርዱ የሚከፋው ሊነጋ ሲል ስለሆነ ሌሊት 11 ሰዓት ተኩል ላይ አንብባችሁ የሦስት ቀኑን ቁጥር ላኩልን።