የሚኒ ሚዲያና ሙዚቃ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ ፓውሊን ኦሊቬሮስን ስናዳምጥ

ክበባችን በዚህ ዓመትም እንደ ወትሮው በሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓትና በዕረፍት ሰዓት ዜና፣ ማስታወቂያና ግጥም ሲያሰማ ከርሟል። የዓድዋ ድል በዓልና የሴቶች ቀን ዝግጅቶችም በየጊዜያቸው ቀርበዋል። እነዚህ በመጽሔቱ ሌሎች ገጾች ስለተዘገቡ እዚህ አልደግማቸውም። እኔ የምጽፈው ዓርብ ከሰዓት በኋላ በክበቡ ክፍል ስለሠራነው ሥራ ነው። ዓመቱን ሙሉ የአሜሪካዊቷን የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ አቀናባሪ የፓውሊን ኦሊቬሮስን ሕይወትና ሥራ ስናጠና፣ ስናዳምጥ፣ በአቅማችንም ስንሞክር ቆይተናል።

ምክንያት አለኝ። በክበባችን ሚክሰሩን (ድምፆችን የሚያቀላቅለውንና የሚያመጣጥነውን መሣሪያ) የሚነኩት፣ ገመድ የሚቀጥሉት፣ ኮምፒውተሩ ፊት የሚቀመጡት ለዓመታት ወንዶች ልጆች ነበሩ። ሴቶቹ ተጽፎ የተሰጣቸውን ያነባሉ። እንዲህ ይሁን ብሎ የደነገገ የለም፤ ሲወርድ ሲዋረድ መጥቶ ልማድ ሆነ እንጂ። ድምፅ ማጉያው ሲያፏጭ ማስታወቂያ የምታነበው ልጅ እጇን ሰብስባ ወንድ እስኪመጣ ትጠብቃለች። ይህን ባየሁ ቁጥር ሆዴ ይቃጠል ነበር። “ሴቶችም ይችላሉ” የሚለው ምክር በየስብሰባው ስለሚነገር ጆሯቸው ለምዶታል። ስለዚህ ምክሩን ትቼ ከ50 ዓመት በላይ በገመድና በማሽን መካከል የሠራች ሴት ታሪክ ይዤ ገባሁ።

ፓውሊን በ1932 በቴክሳስ ግዛት በሂውስተን ከተማ ተወለደች (በዚህ ዘገባ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። እናቷም አያቷም ፒያኖ ያስተምሩ ነበር። እናቷ ተጨማሪ ገቢ ለማግኘት አኮርዲዮን ተምራ ልታስተምር ብላ መሣሪያውን ቤት ስታስገባ ልጅቷ ወደደችው፤ ዕድሜዋን ሙሉም አልተለየችውም። አኮርዲዮን ለእኛም ሀገር እንግዳ አይደለም። ኃይሉ መርጊያ በ1985 አኮርዲዮኑን ከኤሌክትሮኒክ ኪቦርዶችና ከከበሮ ማሽን ጋር አዋሕዶ የቀረጸውን ሥራ አስቀድሜ ለተማሪዎቹ ያሰማኋቸው ለዚህ ነው። ከዚያ በኋላ የፓውሊን ድምፅ ብዙም አላስደነገጣቸውም።

በልጅነቷ ከሬዲዮ የምትወደው በጣቢያዎች መካከል የሚሰማውን ፉጨትና ሹክሹክታ ነበር። 21 ዓመት ሲሞላት እናቷ መቅረጸ ድምፅ ገዛችላት። ማይክሮፎኑን መስኮቷ ላይ አስቀምጣ ቀረጸች። መልሳ ስታዳምጠው እዚያው ተቀምጣ ሳለ ጆሮዋ ያልያዘው ብዙ ድምፅ አገኘችበት። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ሁሉንም ነገር ሁልጊዜ ለማዳመጥ፣ ማዳመጥ ባቆመች ጊዜም ራሷን ለማስታወስ ወሰነች። የሙዚቃ ሥራዋ ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ውሳኔ ነው ብዬ አምናለሁ።

የመጀመሪያው የቤት ሥራችንም ይኸው ሆነ። ተማሪዎቹ ስልካቸውን ቤታቸው መስኮት ላይ አስቀምጠው እንዲቀርጹ፣ ቀረጻውን ከመስማታቸው በፊት ምን እንደሰሙ በወረቀት እንዲጽፉ አዘዝኳቸው። አንዱ ልጅ “ምንም የለም፣ ጸጥታ ነው” ብሎ ጽፎ መጣ። ድምፁን በክፍሉ ስንከፍተው በሩቁ የወፍጮ ቤት ሞተር ይመታል፣ ውሻ ይጮኻል፣ ከውሻው ጩኸት በላይ ደግሞ አንድ የቆሎ ተማሪ “በእንተ ስማ ለማርያም” ይላል። ልጁ ደብረ ማርቆስ ተወልዶ ያደገ ነው። ይህን ድምፅ በየማለዳው ሲሰማው ስለኖረ መስማቱን ትቶታል። ወረቀቱን ተቀብሎ “ምንም የለም” የሚለውን ሰርዞ እንደገና ሲጽፍ በዓይኔ አየሁ።

ከዚህ ቀጥሎ ወደ ማሽኑ ገባን። በ1960ዎቹ ፓውሊን ሁለት መቅረጸ ድምፆችን አራርቃ ታስቀምጥና አንዱን የቴፕ ክር በሁለቱ ውስጥ ታሳልፈው ነበር። የመጀመሪያው ይቀርጻል፤ ክሩ ሁለተኛው ዘንድ ሲደርስ ድምፁ ዘግይቶ ይሰማል፤ የተሰማው እንደገና ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። የፊዚክስ መምህር ነኝና ጥያቄውን በሰሌዳ ላይ ጻፍኩት፦ ክሩ በሰከንድ 19 ሳንቲ ሜትር የሚጓዝ ከሆነ፣ ማሽኖቹም አንድ ሜትር ተኩል ከተራራቁ፣ ድምፁ ከስንት ሰከንድ በኋላ ይመለሳል? ስምንት ሰከንድ ገደማ የሚለውን መልስ ቀድማ ያገኘችው ዓመቱን ሙሉ ማስታወቂያ ስታነብ የኖረች የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ናት። እኛ መቅረጸ ድምፅና ክር ስለሌለን ኦዳሲቲ በተባለው ነፃ የኮምፒውተር ፕሮግራም የትምህርት ቤታችንን ደወል ደጋግመን በስምንት ሰከንድ እያዘገየን ደራረብነው። ሚክሰሩ ላይ የተቀመጠችውም እርሷው ናት። መብራት እስኪጠፋ ድረስ የተነሣ አልነበረም።

ፓውሊን በዚህ ዘዴ በ1965 የሠራችው ሥራ ባይ ባይ በተርፍላይ (ደኅና ሁኚ ቢራቢሮ) ይባላል። ሁለት የሞገድ ማመንጫዎች፣ ሁለት ማጉያዎች፣ ሁለት መቅረጸ ድምፆችና አንድ የሸክላ ማጫወቻ ብቻ ተጠቅማለች። በሸክላው ላይ ያለው የጣሊያናዊው አቀናባሪ የፑቺኒ “ማዳማ በተርፍላይ” ኦፔራ ነው፤ ፍቅረኛዋ ጥሏት ስለሄደና ራሷን ስላጠፋች ጃፓናዊት የሚተርክ። የዘፋኟ ድምፅ በፉጨቱ ውስጥ እየቀለጠ ይሄዳል። ፓውሊን ሥራው የ19ኛውን መቶ ዘመን ሙዚቃ ብቻ ሳይሆን በዚያ ዘመን ጨዋነት ስም በሴቶች ላይ የተጫነውን ጭቆናም እንደሚሰናበት ተናግራለች። ሁለተኛ ጊዜ ስናዳምጠው ልጆቹ የዘፋኟን ድምፅ ለመያዝ ወደ ድምፅ ማጉያው ተጠጉ።

የሥራ ዘመኗን በአጭሩ ላስቀምጠው። በሳን ፍራንሲስኮ የቴፕ ሙዚቃ ማዕከል ከባልደረቦቿ ጋር ሠራች፤ ማዕከሉ በ1966 ወደ ሚልስ ኮሌጅ ሲዛወር የመጀመሪያዋ ዳይሬክተር ሆነች። ከ1967 ጀምሮ ለ14 ዓመታት በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በሳን ዲዬጎ አስተማረች። በ1970 በኒውዮርክ ታይምስ ጋዜጣ ላይ ሴት አቀናባሪዎች ለምን “ታላቅ” እንደማይባሉ የሚጠይቅ ጽሑፍ አወጣች፤ በ2016 እስካረፈችበት ጊዜም መድረክ ላይ ነበረች።

ክበባችንን ከሁሉ በላይ የለወጠው ግን በዚያው በ1970 መከራ ለበዛባቸው ሁለት ሴቶች መታሰቢያ ያደረገችው ሥራ ነው። በውስጡ አንድ ሕግ አለ፦ ከተጫዋቾቹ አንዱ ገንኖ ከወጣ ሌሎቹ በሙሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ገናናነቱን መልሰው ወደ ኅብረቱ ያስገቡታል። እያንዳንዱ ተጫዋች አምስት ድምፆች ይመርጣል፤ ረዘም አድርጎም ይጫወታቸዋል። እኛ በክራር፣ በማሲንቆ፣ በዋሽንትና በከበሮ ሞከርነው። መጀመሪያ ከበሮ መቺው እንደ ሠርግ ቤት አደመቀውና ሌላው ሁሉ ጠፋ። አቁመን ሕጉን እንደገና አነበብን። በቀጣዩ ሙከራ ከበሮው ከፍ ሲል ማሲንቆው ተነሣ፣ ዋሽንቱ ተከተለ፣ ክራሩም ገባ፤ ከበሮ መቺው ዙሪያውን ተመለከተና እጁን አለሰለሰ። ማንም አልተቆጣውም። ይህን የመሰለ ትምህርት በቃል መስጠት የሚችል መምህር መኖሩን እጠራጠራለሁ።

አንድ ነገር ሳልሸፍን ልጻፍ። ፓውሊን ሴቶችን የምታፈቅር ሴት ነበረች፤ ይህንንም ሳትደብቅ ኖራለች። የሕይወት አጋሯ ደራሲዋ አዮኒ ነበረች። ይህን ስናነብ ክፍሉ ጸጥ አለ። አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ “መምህር፣ ይህን ብንዘልለው ምን ይጎድላል?” አለኝ። በአካባቢያችን የሚጠበቅ ጥያቄ ነው፤ በመጠየቁም አመሰገንኩት። ብንዘልለው ሥራዋ ይጎድላል አልኩት። በ1970ዎቹ መጀመሪያ የጻፈቻቸው የማዳመጥ ልምምዶች የተወለዱት ከሴቶች ብቻ ከተዋቀረ ቡድን ነው፤ በ1993 በኒውዮርክ የቀረበው፣ ፖርቱጋሎችን ስለተዋጋችው የአንጎላ ንግሥት ንጂንጋ የሚተርከው ትያትር ጽሑፉ የአዮኒ፣ ሙዚቃው የፓውሊን ነው። የሰውን ሕይወት ለእኛ እንዲመቸን ቆርጠን ካነበብን ያጠናነው ሌላ ሰው ነው። ልጆቹ ተከራከሩ፤ ሁሉም አልተስማሙም። በክብር ተከራክረው በክብር መውጣታቸው ግን በእጅጉ አስደስቶኛል።

የፓውሊን የማዳመጥ ልምምዶች ገንዘብ አይጠይቁም፤ በቃላት የተጻፉ መመሪያዎች ናቸው። አንዱ የእግርህ መርገጫ ጆሮ እስኪሆን ድረስ በጸጥታ በሌሊት ተራመድ ይላል። እኛ ተማሪ ሳይገባ በማለዳ በግቢው ባሕር ዛፎች ሥር ሞከርነው። እዚህ ላይ የጎጃሟን የቅኔ መምህርት እማሆይ ገላነሽ ሐዲስን አንሥተን ተወያየን፤ ማየት ተስኗቸው፣ ሴት ለማስተማር ባልተለመደበት ጉባኤ ቅኔ ዘርፈው ያዘረፉ ናቸው። የሚያዳምጥ ሰው ምን ያህል እንደሚደርስ ለልጆቻችን ለማሳየት ከዚህ የሚበልጥ ምስክር ከሩቅ መፈለግ አያስፈልግም።

በ1988 ፓውሊን ከትሮምቦን ተጫዋቹ ስቱዋርት ዴምፕስተርና ከድምፃዊው ፓናዮቲስ ጋር በዋሽንግተን ግዛት ፎርት ዎርደን ከመሬት በታች ወዳለ ባዶ የውኃ ማጠራቀሚያ ወርዳ ቀርጻለች። ቦታው 2 ሚሊዮን ጋሎን፣ ማለትም ከ7 ሚሊዮን ሊትር በላይ የሚይዝ ነበር፤ ድምፅ 45 ሰከንድ ያህል ሳይጠፋ ያስተጋባበታል። እኛ ከመጋዘኑ ጀርባ የተጣለውን የተሰነጠቀ ሮቶ አጋድመን ዋሽንት ነፋንበት። የእኛው ሁለት ሰከንድ እንኳ አልሞላም፤ ልጆቹ ግን ልዩነቱን ለክተው በሠንጠረዥ አስቀምጠዋል።

የወላጆች ቀን ሥራችን የተገኘው ከአንዲት የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነው። ድምፅ ፈልጋችሁ አምጡ ስላቸው ብዙዎቹ ገበያና ባጃጅ ቀርጸው መጡ። እርሷ አያቷ ጥጥ ሲነድፉ ቀርጻ መጣች። ደጋኑ ሲነዘር እንደ ወፍራም የበገና አውታር ያለ ድምፅ ያወጣል፤ በመካከሉ የአያቷ ትንፋሽና “ገለል በይ ልጄ፣ ባዘቶው ይበንብሻል” የሚል ቃላቸው ይሰማል። ማይክሮፎኑን ወደ ደጋኑ ምን ያህል ማስጠጋት እንዳለባት ራሷ ሞክራ ያገኘችው ነው። ያንን ድምፅ በስምንት ሰከንድ እያዘገየች ደራረበችው፤ በላዩ ላይ የእንዝርቱን ዙረት ጨመረች፤ በመጨረሻ ማሲንቆው ገባ። በዕለቱ ሚክሰሩን የያዘችው ራሷ ናት። አያቷ ከፊት ረድፍ ተቀምጠው ሲያዳምጡ ቆዩና “የእኔ ደጋን ነው እኮ!” ብለው ጮክ አሉ። አዳራሹ አጨበጨበ።

አሁን በክበባችን የሚክሰሩ ተራ በሳምንት ይቀያየራል፤ ዜና የማንበቡም እንዲሁ። ወንዶቹ ሲያነቡ መጀመሪያ ተንተባትበው ነበር፤ አሁን ለምደዋል። ሚክሰሩ ላይ የተበላሹ ሁለት የገመድ መሰኪያ ቀዳዳዎች አሉ። ለጥገና ውጭ ከመላክ ይልቅ ራሳችን እንሥራው ብለው አራት ሴት ተማሪዎች ብየዳ መለማመድ ጀምረዋል። አሮጌ ሬዲዮ ወይም ቴፕ ያላችሁ ወላጆች ለመለማመጃ ብትልኩልን ክበቡ በደስታ ይቀበላል። አዲስ ምዝገባ በመስከረም ይጀመራል።