ጉልበትሽ ይረፍ፣ ልጆቹ የሚፈልጉት አንቺን ነው

ለምወድሽ እናቴ፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? ጉልበትሽስ ትንሽ ተሻለሽ? እኛ ከናፍቆትሽ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ባለፈው በስልክ «እኔ አሮጊቷ ሐዋሳ መጥቼ ለልጆቹ ምን እፈይዳለሁ? እንኳን ልሯሯጥ መነሳትም አቅቶኛል» ያልሽው ሆዴን በላው። መልሴን በደንብ ልጻፍልሽ ብዬ ነው ቁጭ ያልኩት።

ትምህርት ከተዘጋ ወዲህ የግቢያችን ልጆች ስልክ ላይ ተደፍተው ነው የሚውሉት። ስለዚህ ቅዳሜ ከሰዓት እየሰበሰብኩ ማጫወት ጀመርኩ። ሰኞ ማክሰኞን በከሰል አሰመርኩላቸው፣ ወዲያው ያዙት። አኩኩሉንማ ማን ያስተምራቸዋል! ከውኃ ታንከሩ ኋላ ሆነው «አልነጋም!» እያሉ ሲንጫጩ መደበቂያቸው ሁሉ ይታወቃል።

ልቤን የነካው ግን መሀረቤን ያያችሁ ነው። ከአለታ ወንዶ በቅርቡ የመጡ ጎረቤቶች አሉን። ትንሿ ልጃቸው ሲዳምኛ እንጂ አማርኛ ብዙም አትችልም። በራቸው ላይ ቆማ ታየን ነበር። እጇን ይዤ ክቡ ውስጥ አስቀመጥኳት። የሚዞረው ልጅ «መሀረቤን ያያችሁ?» ሲል ሌሎቹ «አላየንም!» ይላሉ። መልሱ ያው አንድ ስለሆነ ብዙም ሳይቆይ እሷም አብራ መጮህ ጀመረች። መሀረቡ ከኋላዋ ሲወድቅ መሬቱን በእጇ ዳበሰችና አገኘችው። ብድግ ብላ ስትሮጥ አንድ ጫማዋ እዚያው ቀረ። አሁን ቅዳሜ ሲደርስ ቀድማ በራችንን የምታንኳኳው እሷ ናት። ለሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ ለፍቼ ጫምባላላ፣ ልጆች ቤት ለቤት እየዞሩ «አይዴ ጫምባላላ» ሲሉ ደግሞ የኔዎቹን እየመራች የምትዞረው እሷ ትሆናለች።

ወንበር ቅሚያን እንደ ድሮው አላጫውታቸውም። የወጣ ልጅ ያኮርፋል፣ ከዚያ ስልክ ፍለጋ ወደ ቤት ይገባል። አሁን የወጣው አጨብጫቢ ይሆናል፤ ጭብጨባውን መቼ እንደሚያቆም የሚወስነውም እሱ ነው። ትንንሾቹ እንዲያውም ለመውጣት ይሻማሉ። በእኔ እምነት ከሰባት ዓመት በታች ላለ ልጅ ማንንም የማያስወጣ ጨዋታ ይሻላል።

እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀው የሕፃናት መብቶች ስምምነት፣ አንቀጽ 31 ላይ፣ ልጅ የማረፍና የመጫወት መብት አለው ይላል። አንቺ እሱን ሳታነቢ «ልጅ ካልተጫወተ አሞታል ማለት ነው» ትዪን ነበር።

እማዬ፣ ጨዋታ ዳኛ ይፈልጋል። «መስመር ረገጥሽ!» «አልረገጥኩም!» እየተባባሉ ሲጣሉ እኔ ድስት ጥጄ ነው የምሮጠው። ለእኔ ደግሞ አይታዘዙም፤ አያት ስትናገር ግን ነገሩ ሌላ ነው። ቅልብልቦሽንም የሚያውቅ የለም። ጠጠሯን ወደ ላይ ወርውረሽ፣ ሳትወርድ ሌሎቹን አፈስ አድርገሽ መልሰሽ ስትቀልቢያት ቢያዩ ከአጠገብሽ አይነሱም። ለዚህ ጉልበት አያስፈልግም፣ ያንቺ እጅ ይበቃል። የእቴሜቴን ግጥም እኔ ግማሹን ብቻ ነው የማውቀው፤ ሙሉውን የምትነግሪያቸው አንቺ ነሽ። ማታ ማታ ደግሞ እንቆቅልሽ አለ። መልሱ ሲጠፋባቸው «አገር ስጡኝ» እያልሽ ታስጨንቂያቸዋለሽ።

በረንዳው ላይ መከዳ ያለው ወንበር አዘጋጅቼልሻለሁ። ደረጃ አትወጪም፣ መኝታሽም ታች ነው። ቅቤና በርበሬ እጭናለሁ ብለሽ ወገብሽን እንዳትጎጂ፣ እዚህ ሁሉም አለ። መድኃኒትሽን ብቻ አትርሺ። የምትነሺበትን ቀን ደውለሽ ንገሪኝ፣ መናኸሪያ መጥቼ እቀበልሻለሁ።

የምትወድሽ ልጅሽ
ከሐዋሳ