ስለ ጀርመን ስራ ለጠየቃችሁኝ ኤሌክትሪሻኖች
ሰላም ቤተሰብ፣ ኢንቦክሴን ስላጨናነቃችሁት እዚሁ ልፃፈው። አዎ ጀርመን ኤሌክትሪሻን አጥታለች፣ ሶላሩም ሂት ፓምፑም (በኤሌክትሪክ የሚሰራው የቤት ማሞቂያ) የኤሌክትሪክ መኪና ቻርጀሩም ባለሙያ ይፈልጋል፣ በፈረንጆቹ ከማርች 2024 ጀምሮ ደሞ የስራ ኮንትራት ይዛችሁ ገብታችሁ የትምህርት ማስረጃችሁን እውቅና እዛው እየሰራችሁ መጨረስ ይቻላል። ግን ቢያንስ 2 አመት ሰልጥናችሁ ያገኛችሁት፣ የተማራችሁበት ሀገር መንግስት የሚያውቀው ማስረጃና ኤ2 (መሰረታዊ ደረጃ) ጀርመንኛ ይጠየቃል፣ ቋንቋው ላይ ነው ብዙ ሰው የሚንገዳገደው። እጃችን ጥሩ ነው እኮ፣ ሳይት ላይ ግን አጥፋ፣ ማንም መልሶ እንዳያበራው ቆልፍ፣ ከረንት አለመኖሩን በቴስተር አረጋግጥ የሚሉትን በጀርመንኛ ካልሰማህ ለራስህም ለሰውም አደጋ ነህ። እና "ብር አምጣ ቪዛው አልቋል" የሚል ደላላ ከመጣ ብሎክ አርጉት፣ ቪዛ የሚሰጠው ኤምባሲው ነው። ጥያቄ ካለ እዚሁ ግሩፕ ላይ ጣሉት፣ በኢንቦክስ አልመልስም።