ሚስ ወርልድ እኮ በቢኪኒ ነው የተጀመረው

ሰላም አዘጋጅ፣ ስለ ቁንጅና ውድድር ያወጣችሁትን አነበብኩት አሪፍ ነው፣ ግን ሚስ ወርልድን ከመጀመሪያው ለበጎ አድራጎት የተቋቋመ አስመሰላችሁት እኮ። በ1951 እ.ኤ.አ ኤሪክ ሞርሊ የሚባል እንግሊዛዊ ለንደን ላይ ለፌስቲቫል ማድመቂያ ያዘጋጀው የቢኪኒ ውድድር ነበር፣ ያሸነፈችው ስዊድናዊት ዘውዱን የደፋችው ራሱ በቢኪኒ ነው፣ ያኔ ጉድ ተባለ። የበጎ አድራጎቱ ነገር የመጣው ስንት ዓመት ቆይቶ ነው።

ደግሞ የ1970ውን እንዴት ዘለላችሁት? ለንደን ሮያል አልበርት ሆል ውስጥ አሜሪካዊው ኮሜዲያን ቦብ ሆፕ መድረክ ላይ ሲቀልድ ውድድሩን የሚቃወሙ ሴቶች ከአዳራሹ ተነስተው ዱቄት በተኑበት፣ የዛኑ ማታ ደግሞ ጄኒፈር ሆስተን ከግሬናዳ አሸነፈች፣ ጥቁር ሴት ስታሸንፍ የመጀመሪያዋ ናት። ሁለተኛ የወጣችው ፐርል ጃንሰን ከደቡብ አፍሪካ ነበረች፣ አፓርታይድ ስለነበር ነጯ ተወዳዳሪ «ደቡብ አፍሪካ» የሚል ጥብጣብ ስታደርግ እሷ ግን ተገልብጦ «አፍሪካ ደቡብ» የሚል ነው ያደረገችው፣ እኔን ያ ጥብጣብ ነው የሚያናድደኝ።

በ2025 የኛዋ ሐሴት ደረጀ ሕንድ ሃይደራባድ ላይ ሁለተኛ ስትወጣ ቤታችን በጩኸት ተናግቶ ነበር፣ እሷንም በአንድ መስመር ነው ያለፋችኋት በናታችሁ!

አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ