መናኸሪያው ሲመሽበት፦ ለባሕር ዳር ከተማ ከንቲባ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር ከንቲባ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ለብዙ ዓመታት በዚህችው ከተማ የሬዲዮ ጋዜጠኛ ነበርኩ። ዛሬ በቤት ሠራተኝነት ሲበዘበዙ ቆይተው ለወጡና ከስደት ተጎድተው ለተመለሱ ልጃገረዶች መጠለያ የሚሰጥ አነስተኛ የበጎ አድራጎት ማኅበር እመራለሁ። ይህን በግልጽ ደብዳቤ የምጽፈው እርስዎን ለመክሰስ አይደለም። የምጠይቀው ነገር ትንሽ ነው፤ ትንሽ ነገር ደግሞ በመዝገብ ቤት በኩል ሲገባ ከትልልቆቹ ጉዳዮች ሥር ተቀብሮ የመቅረት ልማድ አለው።

የምጠይቀው አንዲት ጠረጴዛ ነው። መናኸሪያ ውስጥ፣ ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል በኋላ የምትዘረጋ።

ስለ ሰዓቱ ላስረዳ። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጠዋት በ2 ሰዓት ተኩል ይከፈታል፣ በ11 ሰዓት ተኩል ይዘጋል። መንገዱ ሰላም በሆነበት ቀን ከአዴት፣ ከመራዊ፣ ከዱርቤቴ፣ ከሐሙሲትና ከወረታ የሚመጡት የመጨረሻዎቹ መኪኖች ግን የሚገቡት ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። ወደ አዲስ አበባ የሚወጡት፣ ወደ ጎንደርና ከዚያም አልፎ ወደ መተማ የሚያደርሱት ደግሞ ጎሕ ሳይቀድ ይጫናሉ። አንዲት ልጅ ከመኪና ወርዳ፣ ተቀባይ አግኝታ፣ አንድ ቦታ አድራ፣ ደመወዟን ሌላ ሰው ተነጋግሮላት፣ ወይ በር ወደሚዘጋበት ግቢ እስክትገባ ወይ ደግሞ ተመልሳ እስክትሳፈር ድረስ ያለው ሁሉ የሚያልቀው በእነዚህ ሰዓታት ውስጥ ነው። ባለሙያው የቢሮውን በር ቆልፎ ሲወጣ ደላላው ሥራ ይገባል። ሁለቱ መንገድ ላይ ሰላም ተባብለው የሚተላለፉ ይመስለኛል።

በመስከረም መጨረሻ አንድ ቅዳሜ ምሽት ያየሁትን ልንገርዎት። ልጅቷ ከሚኒባሱ የወረደችው የመጨረሻ ሆና ነው። ጥቁር ፌስታል ይዛለች፤ ውስጡ ዳቦ ቆሎና የታጠፈ ነጠላ አለ። ቀረብ ብዬ ሰላም ስላት፣ ዕድሜዋን ሳልጠይቃት “አሥራ ስምንት ዓመቴ ነው” አለችኝ። አሥራ ሦስት ብትሆን ነው። ማን እንደሚቀበላት ስጠይቃት ከደብተር የተቀደደ ወረቀት አሳየችኝ። የስልክ ቁጥር ተጽፎበታል፤ የመጨረሻዎቹን ሁለት ቁጥሮች የእጇ ላብ አጥፍቷቸዋል። ወረቀቱን ገለበጥኩት። በጀርባው የማባዛት ሒሳብ አለ፣ አራት ጥያቄ፣ አራቱም ላይ የመምህር ቀይ የእርማት ምልክት። ሁሉንም አግኝታቸዋለች።

በዚህ መሀል አንድ ጎልማሳ መጣና “መጣሽልኝ የእኔ እናት? አክስትሽ እኮ ነች የላከችኝ” አላት። የአክስቷን ስም ጠየቅኩት። ሳቀና “እትዬ፣ ምን አገባዎት?” አለኝ። እውነቱን ነው፣ የሚያገባኝ ወረቀት የለኝም። አዋጅ ጠቀስኩለት፤ አዋጁን ከእኔ ቀድሞ የሚያውቅ ይመስል ፈገግ አለ። ያራቀው ሌላ ነገር ነው። የመናኸሪያው ጥበቃ ምን ሆኑ ብሎ የእጅ ባትሪውን እያበራ ወደ እኛ ሲመጣ፣ ሰውየው ስልክ የተደወለለት ሰው መስሎ በሚኒባሶቹ መካከል ገብቶ ጠፋ። ጥበቃው አንድ ቃል አልተናገረም። መብራት ይዞ መምጣቱ ብቻ በቃ። የዚህ ደብዳቤ ሐሳብ ከዚያ ባትሪ ነው የመጣው።

ልጅቷ ደኅና ናት። የት እንዳለች በአደባባይ አልጽፍም።

ጋዜጠኝነቱን ለምን እንደተውኩ ሰዎች ይጠይቁኛል። ከአንድ የዐረብ አገር ደመወዟን ተነጥቃ የተመለሰች ወጣት ታሪኳን ሰጥታኝ ነበር። የተላለፈው ሁለት ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ ሆኖ ነው። አለቃዬ ወደደው፣ አድማጭ ደወለ። ልጅቷ እንግዳ መቀበያው ክፍል ተቀምጣ እስከ መጨረሻው ሰማችና “ጥሩ ነው። ዛሬ የት ነው የማድረው?” አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ያን ማታ እኔ ቤት አደረች፤ ማኅበሩ የተጀመረው እንዲህ ነው፣ ምንም ዕቅድ አልነበረውም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ካልተናዘዝኩ ደብዳቤው ውሸት ይሆናል። ስቱዲዮ ገብቼ ስለ ሕፃናት መብት በማነብባቸው ዓመታት ቤቴን የምትጠብቀውን፣ ልጄን የምታዝለውን ሠራተኛዬን ዕድሜዋን ጠይቄያት አላውቅም። “እንደ ልጄ ነው የማያት” እል ነበር። ይህን ዐረፍተ ነገር አሁን ስሰማው ያስደነግጠኛል፤ ልጁን በወር አንድ እሑድ ብቻ የሚያስወጣ፣ ደመወዟን “ሲጠራቀም ትወስጃለሽ” ብሎ የሚያስቀምጥ ወላጅ የለምና።

አንድ ስብሰባ ላይ “ዘመናዊ ባርነት” ብዬ ስናገር አንድ ኃላፊ “ቃሉ አልከበደም?” አሉኝ። ይከብዳል። በአገራችን ባርነት በአዋጅ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው፤ ዛሬ ሰው የሚሸጥበት ገበያ የለም። ነገር ግን ደመወዟን ሌላ ሰው የያዘባት፣ ከግቢ መውጫ ቁልፍ የሌላት፣ ልሂድ ስትል “ወርቅ ጠፍቶብኛል፣ ፖሊስ እጠራለሁ” የምትባል ልጅ ሌላ ምን ስም አላት? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 18 ባርነትንና አገልጋይነትን ሲከለክል፣ በዚያው አንቀጽ ለማንኛውም ዓላማ በሰው መነገድን ይከለክላል። ቃሉን እኔ አላከበድኩትም።

ሕግ የለም ማለቴም አይደለም። በሰው የመነገድ ወንጀልን ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 1178/2012 ድንበር መሻገርን ግዴታ አያደርግም፤ በአገር ውስጥ ሥራ ስም ተመልምላ የምትበዘበዝንም ልጅ ያያል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዝቅተኛውን የሥራ ዕድሜ 15 ዓመት አድርጓል፤ የቤት ሠራተኛን ጉዳይ ግን ከወሰኑ ውጭ ትቶታል። ይህ የፌዴራል መንግሥት ሥራ ስለሆነ እርስዎን አላስቸግርበትም። ግን አንድ የማይገባኝ ነገር አለ። በሕጋዊ መንገድ ወደ ውጭ የምትሄድ ሴት፣ ቢያንስ በወረቀት ላይ፣ 18 ዓመት የሞላት መሆን አለባት፤ ውል አላት፤ የሚልካት ኤጀንሲ የዋስትና ገንዘብ አስይዟል። ከአዴት ባሕር ዳር የምትመጣዋ ልጅ ከእነዚህ አንዱም የላትም። ይልቁንስ “ተያዥ አምጪ” የምትባለው እሷ ናት። ዕቃ ይዛ ብትጠፋ የሚጠየቅላት ሰው ማለት ነው። አሠሪዋስ? ደመወዟን ይዞ ቢቀርባት፣ ወይም ማታ በሯን ቢያንኳኳ፣ የእሱ ተያዥ ማነው? በዚህች ከተማ ለአሠሪ ተያዥ የጠየቀ ደላላ እስካሁን አልገጠመኝም።

ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል። እኛ ዘንድ ከሚመጡት መካከል መጀመሪያ የወጡት ወደ ውጭ ሳይሆን ወደዚሁ ከተማ የነበሩ አሉ። ባሕር ዳር በተራቡበት ቤት ዓመት ሠርተው ያለ ደመወዝ ሲወጡ፣ ያው የድሮው ደላላ “እንግዲያው መተማ ላገናኝሽ” ይላቸዋል። ወንዶቹም በዚያው መንገድ ወደ ሰሊጥ እርሻ ይጫናሉ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልላችን ባለው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤት ተዘግቷል፤ ደብተር የሚይዝ እጅ ፌስታል ቢይዝ ምን ይገርማል?

የእኛንም ጉድ ልናገር። በየዓመቱ ሐምሌ 23 በሰው የመነገድ ወንጀል የሚታሰብበት ዓለም አቀፍ ቀን ነው። ጣና ዳር ባለ ሆቴል ባነር እንሰቅላለን፣ ሻይ እንጠጣለን፣ ፎቶ እንነሳለን። እኔ ራሴ በየመድረኩ 49.6 ሚሊዮን የሚለውን ቁጥር ስጠቅስ ኖሬያለሁ። ቁጥሩ ትክክል ነው፤ በ2021 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) በዓለም ላይ በግዳጅ ሥራና በግዳጅ ጋብቻ የነበሩትን ሰዎች ብዛት የዓለም የሥራ ድርጅትና አጋሮቹ ገምተው ያወጡት ነው። ነገር ግን ያን ቁጥር ሰምቶ ከሆቴሉ ወጥቶ መናኸሪያ የሄደ ተሰብሳቢ አላየሁም። ቁጥሩ በጣም ትልቅ ነው፤ መናኸሪያው ደግሞ በጣም ቅርብ።

ከእኔ በፊት በዚህ መንገድ ካለፉት ጋዜጠኞች ኤድመንድ ሞሬልን አስበዋለሁ። እንግሊዝ አገር የመርከብ ኩባንያ ጸሐፊ ነበር። አንትወርፕ ወደብ ላይ ጭነት ሲመለከት፣ ከኮንጎ የሚመጡት መርከቦች ጎማና የዝሆን ጥርስ አራግፈው ሲመለሱ ይዘው የሚሄዱት በአብዛኛው ጠመንጃና ጥይት መሆኑን አየ። ለሠራተኛው ዋጋ የሚሆን ሸቀጥ የለም። ከዚህ ብቻ ተነሥቶ ኮንጎ ውስጥ ሰው በግዳጅ እንደሚሠራ ገባው። በ1901 ሥራውን ትቶ ጋዜጠኛ ሆነ፤ በ1904 የኮንጎ ሪፎርም ማኅበርን ከጓደኞቹ ጋር መሠረተ፤ በ1908 ኮንጎን እንደ ግል ንብረቱ ይዞ የነበረው የቤልጂየም ንጉሥ ሊዮፖልድ ግዛቱን ለቤልጂየም መንግሥት ለማስረከብ ተገደደ። (እነዚህ ዓመታትም የፈረንጆቹ ናቸው።) ሞሬል ያየው ነገር ሚስጥር አልነበረም፤ ወደቡ ላይ የሚመላለስ ሁሉ ያየው ነበር። ቆሞ የሚገባውንና የሚወጣውን ያስተያየው ግን እሱ ነው። የእኛ ሚኒባሶችም ልጅ አውርደው ይመለሳሉ፤ ለእናቷ የሚደርስ ደመወዝ ሲመለስ ግን ብዙ ጊዜ አይታይም።

ብራዚሎች ደግሞ ከ1995 (ይህም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ጀምሮ ተንቀሳቃሽ የተቆጣጣሪዎች ቡድን አቋቁመዋል። አቤቱታ እስኪመጣላቸው ቢሮ ተቀምጠው አይጠብቁም፤ ከፖሊስ ጋር ሰው በግዳጅ የሚሠራበት እርሻ ድረስ ይሄዳሉ። እስካሁን ከ60 ሺህ በላይ ሰዎችን ከባርነት አውጥተዋል። የእኛ እርሻ መናኸሪያው ነው፤ ለመድረስ ባጃጅ ይበቃል።

እንግዲህ ጠረጴዛዋ። ከ11 ሰዓት ተኩል እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት፣ ከዚያም ከሌሊቱ 10 ሰዓት እስከ ንጋት ድረስ፣ ከሚመለከታቸው መሥሪያ ቤቶች አንድ ባለሙያ፣ ቢቻል ሴት፣ ከአንድ ፖሊስ ጋር ትቀመጥ። ብቻውን የመጣ ልጅ ሲታይ ስሙ ይመዝገብ፤ ወላጅ ዘንድ ይደወል፤ ከ15 ዓመት በታች ከሆነ ለማንም አይሰጥ። ደላሎቹን አባርሩልኝ አልልም፤ ቢባረሩ ከበሩ ውጭ ይቆማሉ እንጂ አይጠፉም። ይልቅ ይመዝገቡ፣ ፎቶና ቁጥር ያለበት መታወቂያ አንገታቸው ላይ ያንጠልጥሉ። ለሥራ የደረሰች ልጅ ስትቀጠር አንድ ገጽ ወረቀት ይሞላ፤ የአሠሪው ስም፣ ቀበሌና የቤት ቁጥር፣ የደመወዙ ልክ፣ የዕረፍት ቀኗ፣ ከሥሩም የአሠሪው ተያዥ ፊርማ። “ማን ቤቱን እንደ ፖሊስ ጣቢያ ያስመዘግባል?” የሚል ይኖራል። ቤት ስንከራይ እንመዘገባለን፤ ሰው ስንቀጥር ምን ያሳፍራል?

ምሽቱን የሚቀመጥ ሰው የትርፍ ሰዓት ክፍያ እንደሚያስፈልገው አውቃለሁ፤ በጀት ጠባብ መሆኑንም እሰማለሁ። ስለዚህ ቀሪውን እኛ ይዘን እንመጣለን። ጠረጴዛና ሦስት ወንበር አለን። ተራ ገብተው የሚያድሩ አራት በጎ ፈቃደኛ ሴቶች አሉን፤ ሁለቱ ራሳቸው በዚያው መናኸሪያ ወርደው የተወሰዱ ናቸው፣ ደላላን በአረማመዱ ይለያሉ። ለአንድ ሌሊት ማሳደሪያ ስድስት ፍራሽ አለን። ባትሪም ገዝተናል።

የጎደለን “ምን አገባዎት?” ስንባል አውጥተን የምናሳየው፣ የእርስዎ ማኅተም ያለበት ወረቀት ነው። እስኪደርሰን ድረስ፣ ከሚቀጥለው ቅዳሜ ጀምሮ በ11 ሰዓት ተኩል በመናኸሪያው ዋና በር በግራ በኩል ቆመን እንጠብቃለን። ቢመጡ ደስ ይለናል፤ አጃቢ ባያበዙ ግን ጥሩ ነው፣ ደላሎቹ ቀድመው ያዩዎታል።

ከአክብሮት ጋር፣
የቀድሞ የሬዲዮ ጋዜጠኛ
ባሕር ዳር