አስታማሚው አንተ ነህና

ውድ ልጄ፣

በስልክ የነገርኩህ ግማሹ በዋርዱ ጫጫታ መሀል እንደሚያመልጥህ ስለማውቅ ጻፍኩልህ። ቅዳሜ እስክደርስ ድረስ አያትህ አጠገብ ያለኸው አንተ ነህና ደጋግመህ አንብበው።

መጀመሪያ የተሰበረው ምን እንደሆነ በደንብ እወቅ። ከመሐል ሜዳ ወደ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ይዛችሁት በመጣችሁት ራጅ ላይ የተሰበረው የግራ ጭናቸው አጥንት አንገት ነው፤ ዳሌ ውስጥ የሚገባው ክብ ራስ ከረጅሙ አጥንት ጋር የሚገናኝበት ቀጭን ቦታ። ከእርከኑ ተንሸራተው ሲወድቁ እግራቸው አጥሮ መርገጫው ወደ ውጭ ዞሮ ያየኸው፣ አንገቱ ሲለቅ ጡንቻው አጥንቱን ወደ ላይ ስለሚስበው ነው። ለክቡ ራስ ደም የሚያደርሱት ጥቃቅን ሥሮች የሚያልፉት በዚያው አንገት ላይ ተለጥፈው ነው፤ አጥንቱ ከቦታው ሲናጋ እነሱም አብረው ይበጠሳሉ። በሳቸው ዕድሜ በብሎን ቢያያዝ ብዙ ጊዜ ስለማይዝ ነው ሐኪሞቹ ራሱን አውጥተን በብረት እንተካዋለን ያሉህ።

ጠያቂ በመጣ ቁጥር ወጌሻ ይታይላቸው መባሉ አይቀርም። በፍቅር ነውና አትቆጣ፤ ግን እሺ እንዳትል። ይህ ስብራት ያለው መገጣጠሚያው ውስጥ፣ በወፍራም ጡንቻ ሥር ነው፤ የማንም እጅ አይደርስበትም። ያበጠ እግር በቀርከሃ ጠብቆ ሲታሰር ደግሞ ደም ይቋረጣል፤ ጣቶቹ ይቀዘቅዛሉ፣ ይደነዝዛሉ፣ በመጨረሻም ይጠቁራሉ። ጡንቻ ያለ ደም ስድስት ሰዓት ያህል ከቆየ ይሞታል። ስንት እግር የተቆረጠው በስብራቱ ሳይሆን በማሰሪያው ነው።

ቀዶ ጥገናው ከወደቁ በ48 ሰዓት ውስጥ ቢሠራ ይመረጣል። ሐኪም ጠዋት ሲዞር "መቼ ነው?" ከማለት "ለመግባት ምን ይቀራል?" ብለህ ጠይቅ። መልሱ አንድ የተጨበጠ ነገር ይሆናል፦ የኩላሊት ምርመራ ውጤት፣ የልብ ምርመራ፣ ደም ወይም ተራ። ተራውን ማሳጠር አትችልም፤ ሌላውን ግን ትችላለህ። ምትክ ደም ለጋሽ ከተጠየቅህ ዕድሜው ከ18 እስከ 65 የሆነ፣ ክብደቱ ከ45 ኪሎ ያላነሰ፣ ባለፉት ሦስት ወራት ደም ያልሰጠ ዘመድ ጥራ። የደም ዓይነቱ ከሳቸው ጋር አንድ ካልሆነ ብለህ አትመልሰው፤ እሱ የሚሰጠው ከደም ባንኩ የሚወጣውን ለመተካት ነው።

የጤና መድህን መታወቂያቸውን፣ የሪፈር ወረቀቱንና ራጁን በአንድ ፌስታል አድርገህ ከእጅህ አታውጣ። ከውጭ የምትገዛው መድኃኒት ካለ ማህተም ያለበት ደረሰኝ ተቀበል። የግፊት ኪኒናቸውን ከነማሸጊያው ለሐኪሙ አሳይ፤ አስፕሪን ወይም ሌላ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ በተለይ ሳትነግረው እንዳታድር፤ የማደንዘዣውን ዓይነት ሊያስለውጥ ይችላል።

አሁን ደግሞ ከቀዶ ጥገናው በፊት ይጹሙ ብዬ በስልክ ስለነገርኩህ ነገር። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ይገባሉ ከተባለ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት በኋላ ምግብ አይቀምሱም። ወተትና አጥሚት ምግብ ናቸው። ንጹሕ ውሃ ግን እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ትንሽ በትንሹ ይጠጣሉ፣ የማደንዘዣ ባለሙያው ሌላ ካላለ በቀር። ጠበልም ውሃ ነውና በዚሁ ሰዓት ያበቃል፤ በሩ ላይ "ለበረከት" ብለው የሚያቀምሷቸውን በትሕትና መልስ። ሆድ ውስጥ ያለው ነገር በማደንዘዣ ጊዜ ወደ ሳንባ ከገባ የሚያመጣው ጣጣ ከስብራቱ ይብሳል። ብዙ ሰው የሚረሳው ግን ተቃራኒውን ነው፦ ቀጠሮው ወደ ከሰዓት ወይም ወደ ነገ ሲዛወር ሽማግሌና ባልቴት ባዶ ሆዳቸውን ይውላሉ። ተራው እንደተዛወረ ሲነገርህ እዚያው ቆመህ "እስከ ስንት ሰዓት ይብሉ?" ብለህ ጠይቅ። ሁለት ቀን እንዲህ የዋለ አሮጌ ሰው ደርቆና ደክሞ ነው ጠረጴዛው ላይ የሚወጣው።

ሰው ሠራሽ ጥርሳቸውን፣ ቀለበታቸውንና የብረት መስቀላቸውን አውልቀህ አንተ ያዝ። ማተባቸውን ግን ማንም ሳይነግራቸው እንዳይበጥስ፤ ክሩ በፕላስተር ተሸፍኖ ይቆይ እንደሆነ ነርሷን ጠይቅ። የስምምነት ቅጹ ላይ ራሳቸው ይፈርሙ ወይም ጣታቸውን ያኑሩ፤ አእምሯቸው ሙሉ ነውና አንተ እንዳትቀድማቸው።

ብዙውን ጊዜ ለዚህ ቀዶ ጥገና ማደንዘዣው በወገብ በኩል ነው የሚሰጠው። ሲወጡ ከወገባቸው በታች ለጥቂት ሰዓታት አይሰማቸውም። የደብረ ብርሃን የኅዳር ብርድ አጥንት ይሰብራል፣ እሳቸውም ይንቀጠቀጣሉ፤ ጋቢና በርኖስ ደርብላቸው፣ ካልሲ አጥልቅላቸው። የፈላ ውሃ የያዘ ጠርሙስ ግን እግራቸው ሥር እንዳታስገባ። የደነዘዘ እግር መቃጠሉን አይናገርም።

ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ በአብዛኛው የአንተ ነው። ዳሌው የተሰበረ አረጋዊ በብዛት የሚጎዳው ስብራቱ በሚያስከትለው መተኛት ነው፤ ሳንባ ምች፣ የእግር ደም መርጋት፣ የጀርባ ቁስል። ሦስቱም የሚመጡት ከጀርባ ላይ ሳይነሡ ከመቆየት ነው።

በየሁለት ሰዓቱ አገላብጣቸው፣ ሌሊትም ቢሆን። በጤነኛው ጎናቸው ሲዞሩ በሁለቱ ጉልበቶች መካከል ትራስ ይግባ፤ እግር በእግር ላይ ከተጫነ አዲሱ መገጣጠሚያ ሊወልቅ ይችላል። ስታገላብጥ አንሶላውን ከሥራቸው አትጎትት፤ ቆዳቸውን ይልጠዋል፤ ከሌላ ሰው ጋር ሆናችሁ አንሡ። ባዞርካቸው ቁጥር ከወገባቸው በታች ያለውን፣ ዳሌያቸውንና ተረከዛቸውን በባትሪ እይ። በእኛ ቆዳ ላይ መቅላት አይታይምና ቀይ ነገር አትፈልግ። ከአጠገቡ ይልቅ የጠቆረ፣ የሞቀ ወይም የጠጠረ ቦታ ፈልግ፤ እንዲህ ያለ ቦታ ካገኘህ ቁስሉ ከሥር ጀምሮ ሊሆን ይችላል። በዚያ ጎን አታስተኛቸው፣ ለነርሷም ንገር። ተረከዝ ለብቻው ጥንቃቄ ይፈልጋል፦ ጋቢ አጥፈህ ከባታቸው ሥር አድርገው፣ ተረከዙ አልጋውን ሳይነካ በአየር ላይ ይቅር። መዳፍህ በሥሩ ማለፍ አለበት።

በማግሥቱ ሐኪሙ ከፈቀደ አልጋው ጫፍ ላይ ይቀመጡ፣ ከዚያ በዎከር፣ በሁለት እጅ በሚያዘው ባለ አራት እግር መደገፊያ፣ ይቁሙ። ያማቸዋል። የእኛ ባልቴቶች ደግሞ አመመኝ ማለት ነውር ይመስላቸዋል፤ ስለዚህ "አመመዎት?" አትበል፣ "ከዜሮ እስከ አሥር ስንት ነው?" በል። ማስታገሻው ከመነሣታቸው ግማሽ ሰዓት በፊት ይሰጣቸው። ፓራሲታሞል ባለ 500 ሚሊግራም 2 ፍሬ በየ6 ሰዓቱ ከታዘዘ በ24 ሰዓት ከ8 ፍሬ አይለፍ፤ ክብደታቸው ከ50 ኪሎ ካነሰ ደግሞ ሐኪሙ ይቀንሰዋልና ክብደታቸውን አስታውሰው። ዲክሎፌናክ ከውጭ ገዝተህ እንዳትሰጥ፤ ለኩላሊትና ለጨጓራ አይበጅም። የደም መርጋት መከላከያ መርፌው በቀን ስንት ጊዜ፣ እስከ መቼ እንደሆነ ጠይቀህ ጻፈው፤ ወደ ቤት ከተመለሱም በኋላ ሊቀጥል ይችላል። ነቅተው ባሉ ቁጥር በየሰዓቱ አሥር ጊዜ በጥልቀት ይተንፍሱ፣ ያስሉ።

በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሌሊት ሊቃዡ ይችላሉ። የሌለ ሰው ያናግራሉ፣ ካቴተሩን (የሽንት ቱቦውን) ይነቅላሉ፣ አንተንም ላያውቁህ ይችላሉ። ጎረቤት አልጋ ያለው ሰው ቡዳ በላቸው ይልሃል፤ አትስማ። የሚያመጣው ውሃ ማነስ፣ ያልታከመ ሕመም፣ የሽንት መታጎር፣ የሆድ ድርቀት ወይም ኢንፌክሽን ነውና በዚሁ ተራ አስመርምር። ብርሃን ይኑር፣ መነጽራቸው ይደረግላቸው፣ በስማቸው ጥራቸው፣ ዕለቱን ንገራቸው።

ጾመ ነቢያት ስለሆነ ሥጋና እንቁላል እንቢ ይሉሃል። የንስሐ አባታቸውን ደውለህ አገናኛቸው፤ ለታማሚ ይፈታሉ። ካልፈቀዱም ምስር፣ ሽሮና ባቄላ በየዕለቱ ይኑር፣ በአንድ ጊዜ ብዙ ከማቅረብ በቀን አምስት ጊዜ ትንሽ ትንሽ። ቁስል የሚዘጋው በፕሮቲን ነው።

ወዲያው ነርስ የምትጠራው ለእነዚህ ነው፦ ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር ወይም የደረት ውጋት፣ አንዱ ባት ብቻ ሲያብጥና ሲያም፣ ትኩሳት ከ38 ሲያልፍ፣ ከቁስሉ መግል ወይም ከአምስተኛው ቀን በኋላም የሚወርድ ፈሳሽ፣ እግሩ እንደገና አጥሮ ሲዞር። የመጨረሻው መውለቅ ነው፤ ለማስተካከል አትሞክር። ስፌቱ ከ12 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ይነሣል። እስከዚያ ቁስሉን ጠበልም፣ ዳማከሴም፣ ፌጦም አይንካው።

ስለ ቤቱ ካሁኑ እናስብ። ሐኪሙ ከዳሌው ኋላ በኩል ከፍቶ ከሆነ እስከ ሦስት ወር ድረስ ዳሌያቸው ከ90 ዲግሪ በላይ መታጠፍ የለበትም፤ በየትኛው በኩል እንደከፈተ ጠይቀው። ይህ ማለት በርጩማ ላይ ተቀምጦ ቡና ማፍላት የለም፣ ቁጢጥ ማለት የለም፣ ስግደት የለም፤ ቤተ ክርስቲያን ቆመው ወይም ከፍ ያለ ወንበር ላይ ይቀመጡ። ለሽንት ቤት መቀመጫው የተበሳ የእንጨት ወንበር ከሥሩ ባልዲ ተደርጎ ይበቃል። መቀመጫው ከጉልበታቸው ከፍ ያለ መሆን አለበት። ነገ በጤነኛው እግራቸው ከተረከዝ እስከ ጉልበት ማጠፊያቸው ያለውን በሜትር ለክተህ ላክልኝ፤ ወንበሩን ከዚያ አምስት ሳንቲም ጨምሬ አሠርቼ ከዎከሩ ጋር ቅዳሜ አመጣዋለሁ።

እናትህ