የምርምር ሥራ ማስታወቂያ ከግቢ አጥር ይውጣ

ለተከበሩ አዘጋጅ፦

በለገጣፎ የምኖር የኬሚስትሪ ምሩቅ ነኝ። የአውሮፓ ኮሚሽን የሚደግፈውን ዩራክሰስ የተባለ ድረ ገጽ የከፈተ ሰው የበርካታ አገሮችን የምርምር ክፍት የሥራ ቦታዎች ያለ ክፍያ ያገኛል፤ በአገራችን ግን የምርምር ረዳት ማስታወቂያ ብዙ ጊዜ ማኅተም አርፎበት በዩኒቨርሲቲ የሰው ኃይል ቢሮ መስታወት ላይ ይለጠፋል፤ ምዝገባውም የማስረጃ ሰነዶችን ዋናና ፎቶ ኮፒ ይዞ በአካል መቅረብን ይጠይቃል። ከከተማ ዳር ታክሲ እየቀያየርን ለምንመጣ ወጪው ቀላል አይደለም፤ ይበልጥ የሚያሳዝነኝ ግን ወሬውን በወቅቱ የሚሰማው አስቀድሞ ግቢው ውስጥ ያለ ሰው መሆኑ ነው። ቅጥሩ በፕሮጀክት ገንዘብ የሚፈጸም በመሆኑ ጥድፊያው ይገባኛል። ቢሆንም ዩኒቨርሲቲዎች የፕሮጀክቱን ርዕስ፣ የውሉን ዘመንና ደመወዙን በድረ ገጻቸው አውጥተው ማመልከቻ በኢሜይል ቢቀበሉ፣ ዋናውን ሰነድ ማመሳከሩ ለፈተና ከተመረጡት ጋር ብቻ ሊደረግ ይችላል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢ፣ ከለገጣፎ